አርባ ተማሪ የነበረው ኮሌጅ

ያን ቀን ሳን ሆዜ፣ ልጆቻቸውን የምጠብቅላቸው ህንዶች ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ኢንጂነሩ አባወራ፣ ሚስቱ፣ ከህንድ የመጡት ታላቅ ወንድሙ፣ ከፓሎ አልቶ የመጡ ሁለት ሐኪሞች፣ እኔ፣ ከኦክላንድ በመኪናዋ ያመጣችኝ ጓደኛዬ።

ጊዜው በፈረንጅ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ታላቅ ወንድሙ በትውልድ ከተማቸው ኮሌጅ ሊከፍቱ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ዘረጉ። እኔ ያየሁት የቆርቆሮ ጣራና አንድ ዛፍ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አርባ ተማሪ እንቀበላለን አሉ። ልጄ ያኔ ናይሮቢ እህቴ ዘንድ ነበረች፤ የአሜሪካ ቪዛ ሁለት ጊዜ ሪጀክት አድርገውባታል። ልጄን ይቀበሉልኝ እንደሆነ አስተርጉሚልኝ ብዬ ጓደኛዬን ለመንኳት።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ገና መስኮት እንኳ አልገባለትም።»

«መስኮቱን ተይውና ጠይቂልኝ።»

«ልጅቷን ከግንበኞቹ ጋር ልታስቀጥሪያት ነው?» ብላ ሳቀች። ግን ጠየቀችልኝ።

ሽማግሌው ታላቅ ወንድም «እንደ ልጄ አያታለሁ» አሉ። ልጄም ከናይሮቢ ወደ ህንድ ሄደች።

ሁለት ዓመት ቃላቸውን ጠበቁ። ልጄ ራሷ ከምትጽፍልኝ ሌላ እሳቸውም በየወሩ በእጃቸው ይጽፉልኛል፣ ጓደኛዬ ታነብልኛለች። ልጅሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ልጅሽ ወጣችን ቃሪያ አነሰው ትላለች።

ከዚያ ኮሌጁ አደገ። ፎቅ ተሠራ፣ ማደሪያ ተጨመረ፣ ተማሪ ከየአገሩ መጣ። ኢንጂነሩ አዲስ ፎቶ ባሳየኝ ቁጥር እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ልጄን ስፈልግ ግን አላገኛትም። ሽማግሌው ታመው አልጋ ያዙ፣ ሰውም መለየት ተሳናቸው። ሥራው ለቢሮ ተላለፈ። የልጄ ደብዳቤም በዚያው ሰሞን ቆመ። ለእህቴም አልጻፈችም።

ቢሮውን ጠየቅን። የመጣው መልስ በታይፕ የተጻፈ ነበር፤ ስለ ተማሪ የምንናገረው ለቤተሰብ ብቻ ነው፣ የእርስዎና የተማሪዋ የቤተሰብ ስም አይመሳሰልም ይላል። እንዴት ይመሳሰላል? እሷ በአባቷ ትጠራለች፣ እኔ በአባቴ። ይህንኑ አስጽፌ ላክሁ። የልደት ወረቀት አምጪ አሉኝ። እኔ ልጄን የወለድኳት ቤት ነው፣ ወረቀት የጻፈልኝ የለም። በመጨረሻ ኢንጂነሩ ራሱ ኮል አደረገላቸው። እዚህ የለችም ብቻ አሉት። ጨርሳ ትውጣ፣ አቋርጣ ትሂድ፣ አልነገሩትም።

በእነዚያ ዓመታት ህንድ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። ልጄ ረጅም ናት፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያያት ሰው ካለ፣ የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።