ድንኳኑ ከጎዴ ወዲያ አይደርስም

ባለቤቴ ሰናይት ኢንጂነር ናት፣ የውሃ ጉድጓድ ታስቆፍራለች። ከጎዴ ወዲያ ያለ በረሃ ሲመድቧት አብሬያት ልሄድ ወሰንኩ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ፀጉር የማያድግበት አገር ደግሞ የለም።

ካዛንቺስን ከመልቀቃችን በፊት ከእድሩ ልሰናበት ብዬ ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ።

"እዚያ ብትሞቱ ድንኳን ማን ይተክልላችኋል?" አሉኝ።

"ያገሩ ሰው ይቀብረናላ፣ ጋሼ።"

"እሱማ ይቅበር። ይሄን ሁሉ ዓመት የከፈላችሁትስ? በቃ፣ ኮሚቴው ይነጋገርበታል።"

ተነጋገሩ። ቅዳሜ ጠዋት በር ስከፍት ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ሲያድሉ አገኘሁ። መቼም ለቅሶ የመጣን ሰው ሂድ አይባልም፤ እኔና ሰናይት ገብተን ተቀመጥን። ጎረቤቱ እየመጣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይለናል፤ እኛም ብድግ እያልን እንቀበላለን።

ከኡራኤል ስትመለስ ድንኳን አይታ የገባች የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ቀስ ብላ "ማን ነው ያረፈው?" አለችኝ።

"እኔ" ማለት ከበደኝ። "ባልና ሚስት ናቸው" አልኳት።

"ውይ ምስኪኖች። አንድ ላይ?"

"አዎ። ለሥራ ሲሄዱ።"

ማታ ድንኳኑ ሲነሳ ጋሽ ዘውዴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"በሉ እንግዲህ በሰላም ግቡ። ድንገት ከተመለሳችሁ ግን እንደ አዲስ አባል ነው የምትመዘገቡት" አሉኝ። "የናንተን አልቅሰን ጨርሰናል።"