የጋሽ ሞገስ ዶዘርና የቁሐሩ መንገድ

አላመንኩም።

ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ ስልክ ተደወለ። «ጋሽ ሞገስ አረፉ» አለኝ አንዱ ወዳጄ። «ማን ነገረህ? አንተ በዓይንህ አይተሃል?» አልኩት። ወረታ እኮ ሰው ያስነጠሰ እንደሆነ ተዝካሩ የሚወራባት ከተማ ናት።

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። በራቸው ላይ ድንኳን እየተከሉ ነው። ድንኳን ለሰርግም ይተከላል አልኩ ለራሴ። ነሐሴ ውስጥ ሰርግ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ሞገስ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ዶዘር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ቁራሌ ሊቆራርጠው የነበረ፣ ዝገት የበላው ዶዘር ገዝተው ግቢያቸው አቆሙ።

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው የምል ሴት ነኝ። ጡረተኛ ዶዘር ምን ያደርግለታል? ዶሮ አያረባም?

ሰፈሩም ከኔ አይሻልም ነበር። አንዱ ለባለሀብት መሬት ሊጠርጉ ነው አለ። ሌላው ወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል የተቀበረ ወርቅ አይተው ነው አለ። እኔ የጠረጠርኩት ቤት ማፍረስን ነው። ዶዘር ሰፈር ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ሲገባ አይቼ አላውቅማ!

እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱታቸውን ለብሰው ሥሩ ይገባሉ። የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። «ጋሽ ሞገስ፣ ይሄ ነገር ለምን ሊሆን ነው?» እላለሁ፣ ለእግራቸው።

«ቆዪ፣ ዘይቱ ይድረሰው» ይላሉ ከሥር።

ሞተር ተነሥቶ ዘይቱ ሁሉም ጋ ሳይደርስ ሥራ አይጫንበትም ማለታቸው ነው። ግን ለሁሉም ነገር ይሏት ነበር። ለተጣላ ባልና ሚስት፣ ለቸኮለ እንግዳ፣ ለኔ ጥያቄ። እኔም ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ እያልኩ እገባለሁ።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ለት ቅዳሜ ረፋድ ነበር። አጥሬ ተንቀጠቀጠ። ጥቁር ጭስ ሰማዩን ሞላው። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ዕቃ ማውጣት ጀመረ! ፍራሽ፣ ቡፌ፣ የበር መዝጊያ የነቀለም አለ። እኔ ቴሌቪዥኔን ታቅፌ መንገድ ላይ «ሊያፈርሱን መጡ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጋሽ ሞገስ ፊታቸው በግራሶ ጠቁሮ ብቅ አሉና ያን ሁሉ ፍራሽ አይተው፣ «ምነው፣ ማን ሊለቅ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታቸው «ቴሌቪዥኗ ደህና ናት?» ሆነ።

ባለፈው በጋ፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ ጋሽ ሞገስ የዶዘሩ ሰንሰለት አስፋልቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጎማ እያነጠፉ ተሻግረው ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረዱ። እኔም ተከተልኩ። ላግዝ እንዳይመስላችሁ፣ ልሰልል ነው።

ገበሬው ዱላ ይዞ ጠበቃቸው። «አንቱ ሰውዬ፣ መሬታችንን ለማን ሊያስረክቡት ነው?»

«ቆዩ፣ ዘይቱ ይድረሰው» አሉ።

ከዚያ ከግራና ከቀኝ አፈር እየገፉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን መንገድ ከፍ ማድረግ ጀመሩ። ከሰው ማሳ ስንዝር አልነኩም። ገበሬው ቆሞ አየ፣ ተጠራጠረ፣ ቆይቶ ግን ለሩዙ ውሃ መሳቢያ ከያዘው ናፍጣ በጀሪካን ያመጣላቸው ጀመር። ዝናቡ ሲገባ ቅጥሩ በር ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ዶዘሩን መለሱት። እኔ ያን ጊዜም አላመንኩም። ሰው በባዶ ሜዳ ይሄን ያህል አይለፋም።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ከእህታቸው ከእትዬ የሽወርቅ ጎን ተቀመጥኩ። ሐዘን ላይም ከመጠየቅ አልቦዝንም፤ ጠየቅኳቸው።

«እናታችን በነሐሴ ነው የሞተች» አሉኝ። «ቃሬዛውን ይዘን ስንወርድ የክረምቱ ውሃ ሜዳውን ሞልቶ ደረት ደረሰ። ተመለስን። ካባታችን ጎን መቀበሯ ቀርቶ ከደጋው ሌላ ደብር ቀበርናት። ሞገስ ያን ለት ነው ለሚካኤል የተሳለው። ስለት ሳይደርስ አይወራም ብሎ ነው ዝም ያለ።»

እዚያው አለቀስኩ። ምን ልበል ሌላ።

ዓይኔን ጠርጌ ስወጣ ሁለት ሰዎች ከድንኳኑ ጀርባ ዶዘሩን ሲዞሩት አገኘሁ። ለቅሶ የመጣ ሰው የዶዘር ሰንሰለት አይደባብስም፤ ቁራሌ ሳይሆኑ አይቀሩም። ፊታችሁን ይዤዋለሁ! ያ ዶዘር በጋ ሲመጣ የሚጨርሰው ሥራ አለው።

ልጃቸው ከሩቅ እስኪገባ ቀብሩ ለነገ ተባለ። የት ስል፣ ቁሐር ሚካኤል። በነሐሴ! አሁን ደግሞ ውሃውን ጠረጠርኩ። እናትየውን የመለሰ ውሃ ልጇን ላለመመለሱ ማን ዋስ ይሆነኛል?

ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ፣ የቀረውን መንገዱን በዱላ እየወጋሁ ወረድኩ። ግራና ቀኙ ባሕር ነው፤ የሩዙ ጫፍ ብቻ ይታያል። መንገዱ ጭቃ አለው፣ ግን ይዟል። ያ ያልተጨረሰው፣ ቅጥሩ በር አጠገብ ያለው ቁራሽ ላይ ግን ውሃው ቆሟል።

እዚያ ደግሞ ሰው ሞልቷል። እነዚያ ዱላ ይዘው የጠበቋቸው ገበሬዎች ደቦ ወጥተው፣ በጆንያ አፈር እየሞሉ ውሃው ላይ ይደረድራሉ።

«ለነገ ይደርሳል?» አልኩ።

አንዱ ካጎነበሰበት ቀና ሳይል፣ «ቆዪ፣ ዘይቱ ይድረሰው» አለኝ።

ጋሽ ሞገስ፣ ነገ ቃሬዛዎን ውሃ አይነካውም። እኔ ከፊት ከፊት መንገዱን በዱላ እየወጋሁ እሄዳለሁ፤ አመሌን ያውቁታል። ስለትዎ ደርሷል፣ እናትዎን ሲያገኙ ይንገሩልን።

ቴሌቪዥኗም ደህና ናት።

ደህና ይግቡ።