ቆዳ ቆራጭ ፍለጋ፦ ከፌርፋክስ ጋርዴና ደርሶ መልስ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ፌርፋክስ

ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በአሜሪካው የሚፈልግ ስድስት ይደምር ወይም ይቀንስ፣ ያው ነው። የሀበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ገና አልነቃም። የምግብ ቤቶቹ በር ተዘግቷል፣ የባልትና ሱቁ መስኮት ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች፣ አንድ ሰውዬ የእግረኛ መንገዱን በውሃ ያጥባል። እኔ ሙሄ በሳምንት አምስት ቀን ሰው በክፍያ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ዛሬ ቅዳሜ ግን የምነዳው ለአላህ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በሕንድ ገጠር ያሉ ዳሊት የሚባሉ ሰዎችን ያግዛሉ። «ከነኩን እንረክሳለን» ተብለው ከመንደሩ ዳር የተገፉ ናቸው። አንዱ መብታቸውን እንዲያስከብሩ ወረቀት ይጽፍላቸዋል፣ ሌላው ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ሒሳብ ያስተምራል። የእኔ ሙያ መሪ መጨበጥ ስለሆነ መሪ እጨብጣለሁ። ከዚያ የመጣችው እንግዳችን ሱኒታ ዛሬ 11 ሰዓት ትበራለች። እስከዚያ አንድ ቆዳ ቆራጭ ልናገኝላት ይገባል።

ጠዋት 1፡30፣ ሳንታ ሞኒካ

ሱኒታ ካረፈችበት ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ሻንጣዋን እንዳግዛት የማትፈቅድ ሴት ናት። መጀመሪያ ባሕሩን ማየት ፈለገች። ለአስር ደቂቃ ፓርኪንግ የከፈልኩት ገንዘብ ለአንድ ሰው ምሳ ይበቃል፤ ስንደርስ ደግሞ ጭጋጉ ሁሉንም ሸፍኖታል።

«ምንም አይደለም፤ አየሁት ብዬ አወራለሁ» አለች በእንግሊዝኛ፣ እየሳቀች።

መኪና ውስጥ ከቦርሳዋ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ። የመንደሯ ሴቶች የሠሩት ነው። የግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ይበልጣል።

«ማልፋትም መስፋትም ያውቃሉ። ልክ አውጥቶ መቁረጥ ነው ያቃታቸው» አለችኝ። «ከተማ ያሉት ቆራጮች ደግሞ እኛ ሰፈር ድርሽ አይሉም።»

«ሌላ ጊዜ ብታገኙስ?»

«ሴቶቹ ስንት ዓመት አቤት ብለው የመሥሪያ ቦታ አግኝተዋል። ዝናቡ ሳይገባ ሥራ ካልጀመሩበት ይወሰድባቸዋል። ያኔ የባለመሬቶቹ በሬ ሲሞት በነጻ ወደ መጎተቱ መመለስ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ባሕሩ መቀለድ አላማረኝም። ወደ ደቡብ ነዳሁ። 405 የሚባለው አውራ ጎዳና ቅዳሜም አያርፍም፤ መኪናው ሁሉ የቆመ ይመስላል።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ጋርዴና

ያሰብኩላት ቆራጭ ጋሼ ከማል ስልሳን ያለፉ የወሎ ሰው ናቸው። መጋዘንና የመኪና ጥገና በሞላበት መንገድ ላይ የመኪና ወንበር ቆዳ በሚያለብስ ቤት ይሠራሉ። ሙጫና ቆዳ ይሸታል። ጠረጴዛቸው ላይ ጥቁር፣ ቡኒና ቀይ ቆዳ እንደ እንጀራ ተደራርቧል።

ጫማውን ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ አጠፉት፣ አሸተቱት።

«ይሄ በእጅ የለፋ ነው። ግሩም ቆዳ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። «እንግዲያው ሦስት ወር ሄደው ያስተምሯቸዋ! ማደሪያውንም ምግቡንም መንደሩ ያዘጋጃል» አልኳቸው።

ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ። «ጉልበቴን ያመኛል። የዶክተር አፖይንትመንት አለኝ። ደግሞስ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ሊል ነው?»

«ተወኝ አንተ ልጅ፣ ኦኬ? ሥራ አምስት ተኩል ላይ እጨርሳለሁ። ምሳ ከጋበዝከኝ እመጣለሁ።»

ሱኒታ አማርኛ ባታውቅም መልሱ ገብቷታል። ጫማውን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ጠረጴዛው ዳር ቆመን ሥራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅን።

ቀን 6፡30፣ ፌርፋክስ

የእትዬ ዘይነብ ምግብ ቤት ሞልቷል። እኔ እንግዳ አክባሪው አዘዝኩ። ለእኔና ለጋሼ ከማል ጥብስ በአንድ ትሪ፣ እትዬ ዘይነብም እንዲቀምሱልን። ለሱኒታ ምስርና ጎመን በሰሃን ለብቻዋ፣ ከሹካ ጋር፣ ውሃዋም ማንም ባልነካው የወረቀት ኩባያ። ሕንድ ሥጋ አይበላም፣ የውጭ ሰው ደግሞ የብዙ ሰው እጅ የገባበት ትሪ ይከብደዋል ብዬ ነው። እትዬ ዘይነብም ጥብሱ እንዳይነካባት ሰሃኗን ራቅ አድርገው አስቀመጡላት። በራሴ ኮራሁ።

ሱኒታ እጇን አልዘረጋችም።

«ብዪ እንጂ፣ ሥጋ የለበትም» አልኳት።

«እኛኮ የሞተ በሬ የምንጎትት ሰዎች ነን። ሥጋ አትበላም ብሎ ማን ነገረህ?» ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «በመንደራችን ሻይ ቤት ለእኛ የተለየ ኩባያ አለ። ጠጥተን፣ ራሳችን አጥበን፣ ውጭ አስቀምጠን እንሄዳለን። እዚህም ለብቻዬ ይቀርብልኛል ብዬ አላሰብኩም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ክብር፣ ስለ ሹካ፣ ስለ ባህላችን ማስረዳት ጀመርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ባሰብኝ።

ጋሼ ከማል ሰሃኗን አንስተው ትሪው መሃል ገለበጡት። ምስሩ ጥብሱ ላይ ፈሰሰ።

«እኔ የፋቂ ልጅ ነኝ» አሉ በአማርኛ። «አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ሰርግ ሲጠሩን ከዳሱ ውጭ ተቀምጠን በቅጠል ነበር የሚሰጠን። እዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ነጋዴ ነበር እያልኩ ዋሸኋችሁ። ከማል ሕንድ ሄዶ ቆዳ ያስተምራል ከተባለ፣ ከየት ተማረው ብሎ የማይጠይቅ የለም። ጠዋት ያመመኝ ጉልበቴ አልነበረም።»

እጄ ወደ ትሪው እየሄደች ነበር። ቆመች። ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ግን ቆመች። ለዳሊት መብት በነጻ የምነዳው ሰውዬ! ይህን ስጽፍም እያፈርኩ ነው። ጋሼ ከማል እጄን አዩዋት።

እትዬ ዘይነብ ግን ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ ጥብሱ ይቀዘቅዛል» ብለው ከፊታቸው ጎረሱ።

ጋሼ ከማል ያሉትን በእንግሊዝኛ ለሱኒታ ደገሙላት። ከዚያ እጇን ሰደደችና ከትሪው ላይ ትልቁን ሥጋ መርጣ ወሰደች።

ከሰዓት 8፡30፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ

ጋሼ ከማል ከኋላ ከእሷ ጋር ተቀምጠው ጫማውን በመዳፋቸው ይለካሉ።

«ስንት ቢላ አላችሁ?»

«አንድ። መቀስ ግን ብዙ ነው።»

«መቀሱን ለልብስ ሰፊ ስጡት። ቢላ ይዤ እመጣለሁ። ዝናቡ ሳይገባ እደርሳለሁ።»

በመስታወቱ አየኋት። ሱኒታ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ታለቅስ ነበር፣ ወይም ትስቅ ነበር፤ ከፊት ወንበር አይለይም። በሩ ላይ ስናወርዳት ሻንጣዋን ለጋሼ ከማል ሰጠቻቸው፤ እስከ መግቢያው ተሸከሙላት።

ተመልሰው ከጎኔ ገቡና ቀበቷቸውን አሰሩ።

«አንተም ትሄዳለህ» አሉኝ።

«እኔ? ቆዳ መቁረጥ የት አውቄ!»

«ምሳ ላይ እጅህን አይቻታለሁ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ቆዳውን ለእኔ ተወው። አንተ የምትሄደው አብረህ ልትበላ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ለቪዛ ፎቶ እነሳለሁ።