መንገዱ ተዘግቶ ጫት የጠፋ ዕለት

በቀደም ሰበታ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምራት አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ጫት ዘረመል ያበላሻል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ፈገግ አልኩ። ከዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ ገመቹም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የበረታበት ታኅሣሥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ዓለም ገና ከተማ እናቴ ቤት ገብቻለሁ፤ አየሩ ጭድ ጭድ ይሸታል። የጅማ መንገድ በመዘጋቱ የገመቹ ሚኒባስ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ጫትም ከጠፋ ሰንብቷል። በየቀኑ ይቅም ስለነበር እንቅልፍ ሲወስደው ዱካክ ይመጣበታል። ዱካክ ማለት ያቋረጠውን ሰው «ቃም» እያለ የሚያስጨንቅ ቅዠት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ቀን ጫት የጫኑ መኪኖች እዚያው ጅማ መንገድ ላይ፣ ተፍኪ ቆመዋል ሲሉት በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። ጠዋት በዚያ በኩል ተኩስ ተሰምቷል። እናቴ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው? ጥይት ልትቅም ነው?»

«ዱካኩ ሊገድለኝ ነው እኮ፣ እማዬ! ጭንቅላቴ ዘረመሉ ሳይቀር ተበላሽቷል።» ወደ እኔ ዞረ። « አይደለም እንዴ፣ አንቺ ምሁር?»

ቤተሰብ ሲከራከር ዝም ማለት ልማዴ ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ከፈትኩ።

«አልተበላሸም። ዘረመሎችህን መናኸሪያ እንደቆሙ መኪኖች አስባቸው። ጫቱ እንደ ተራ አስከባሪ ገብቶ አንዳንዱን ደጋግሞ ያሠራል፣ ሌላውን ያስቆማል። መኪኖቹ ግን ያው ናቸው።»

«ዱካኩስ?»

«ተራ አስከባሪው ሲቀር የሚነሳ ግርግር ነዋ።»

«እኔ እኮ ድሮም ተራ አስከባሪ አልወድም!» አለ። እናቴ እንኳ ሳቀች። «መቼ ነው የሚረጋው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከፊሉ ቶሎ፣ ከፊሉ ቆይቶ። ተፍኪ ብትሄድ ግን እንደገና ትጀምረዋለህ።»

ተመልሶ ተቀመጠና ጫማውን ፈታ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» አለችው እናቴ።

«ከዱካክ ጋር ስንደባደብ።»

እጁ ሥራ ፈትቶ ሲቁነጠነጥ አየሁት። ሰላምታ እንኳ በጭንቅ የምሰጣቸው ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄጄ «የሽምብራ እሸት ይስጡኝ» አልኳቸው። አንድ እቅፍ ነቀሉልኝ። ጤዛው ልብሴን እያራሰው አምጥቼ እንደ ጫት እስር ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ምርቃና የለውም» አለ አፉን ሞልቶ፤ እጁ ግን ከእሸቱ አልተለየም። ዛሬ ስለ አንጎል ከዚያን ጊዜ የተሻለ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ ስለጨረስኩ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው መፈልፈል ጀመርኩ።