ሳይማከሩ የታሰረ ውል

ጎረቤቴ አያ ታከለና እኔ ቅዳሜ ከይጁቤ ገበያ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን ሳይጠይቁ ከውጭ አገር ጋር ስምምነት መፈረማቸውን ሬዲዮው አወራ።

አያ ታከለ ቱግ አሉ። «ሳይማከሩ ውል ይታሰራል? እኔ እንኳ ቤቴን ሳላማክር ዶሮ አልሸጥም!» ተሳፋሪው አጨበጨበላቸው።

ስንወርድ ጎተት አደረጉኝ። «ሁለታችንም ያለን አንዳንድ በሬ ነው። ሰኞ እናቀናጃቸውና እንረስ።» ደስ ብሎኝ እጃቸውን መታሁ።

ሰኞ ማለዳ በሬዬን እየነዳሁ ብደርስ፣ ባለቤታቸው ደጅ ቆመዋል።

«በሬውንማ ትናንት ከቅዳሴ መልስ ከወንድሜ በሬ ጋር ላቀናጀው ተስማምቻለሁ» አሉኝ።

አያ ታከለ ቀንበር ተሸክመው ከቤት ብቅ አሉ። «ሳትነግሪኝ?»

«አንቱስ መቼ ነገሩኝ?»

አያ ታከለ ቀንበሩን ቀስ ብለው አወረዱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ፣ ይኼኛውን ሬዲዮው አልተናገረም።»