የምረጡኝ ድንኳን

እኔ ቆሞ ለሚሄድ ባል ለቅሶ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ በዚያ ዓመት የተሰማው ጉድ የኛ ቤት ነበር።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከወጣ ጀምሮ ቢጃማውን እስከ ምሳ አያወልቅም፣ ጢሙን አይላጭም። በረንዳ ላይ ወንበሩን ይዞ “ዝናብ ሊመጣ ነው” ይለኛል፤ ካልመጣ ደግሞ እኔን ይቆጣል። አንድ ቀን ብድግ ብሎ “ለክልል ምክር ቤት በግል ልወዳደር ነው” ሲለኝ፣ “አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?” ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ ግን በጠዋት ተነስቶ ሲላጭ አየሁትና አፌን ዘጋሁ። ማሸነፉ ለእኔ ምኔም አልነበረም። የምፈራው ተሸንፎ ወደዚያች ወንበር እንዳይመለስ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚሰማው ሰው አጣ። ሰፈራችንን አዲስ ከተማን በእግሩ አዳረሰ። ባጃጅ ተከራይቶ ድምፅ ማጉያ አሰቀለባት፤ ያን ሰሞን ሁሉም ተወዳዳሪ ባጃጅ እያስዘፈነ ስለሚያዞር የኛዋን ለይቶ የሰማ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ባሌም ወረቀቱን ይዞ በየደጁ ስለ ሐይቁ ደለል ያስረዳል። ሰዉ “እሺ መምህር፣ እግዚአብሔር ያሳካልዎ” ይልና በሩን ይዘጋል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ “በዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚያዳምጠው ማንን ነው?” አለኝ።

“ማንንም።”

“የእድሩን ጡሩምባ ነፊ!”

እውነቱን ነው። ሽማግሌው ሲነጋ ጡሩምባቸውን ነፍተው ማን እንዳረፈ ሲናገሩ “አልሰማሁም” የሚል የለም፤ ለቅሶ የቀረ አባል ይቀጣላ! ባሌ ለምኗቸው ስብሰባውን ሊያስታውቁለት እሺ አሉ። የእድሩን ድንኳን ተውሶም ዋዜማውን ከደጃችን አስተከለ። እኔም ወንበር ደረደርኩ። ምን እያደረግን እንደሆነ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ አላሰብንም፤ የተማረ ቤት ተብዬ!

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ልማድ ሆኖባቸው መጀመሪያ ጡሩምባውን ነፉ። ቀጥለው የባሌን ስም ጠሩ። “ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የምርጫ ንግግር ያደርጋሉ” የሚለውን ቀሪውን ማን ይስማቸው? ስሙ እንደተጠራ ሰፈሩ በጩኸት ቀለጠ። በሩን ስከፍት ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው “እኔን! እኔን!” እያሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

“ኧረ አልሞተም!” አልኩ።

“አዎ እናቴ፣ እንደሱ ያለ አይሞትም” አሉኝና እንዳልወድቅ ጭራሽ ጥርቅም አድርገው ያዙኝ።

ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጣች የምትሸጥልን ሴት ሙሾውን በሲዳምኛ ጀምራ በአማርኛ ቀጠለችው። “ልጄ ፈተና የወደቀ ዕለት ቤቴ ድረስ የመጣህልኝ! ክረምቱን ሙሉ ያስጠናህልኝ! ይኸው ነርስ ሆነ፣ ተነስና እይልኝ!” ይሄን እኔ ሚስቱ እንኳ አላውቅም ነበር።

እንደምንም ተላቅቄ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ባሌ መኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆሟል። ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፤ እንባው በአረፋው ላይ ይወርዳል።

“ምን ይገትርሃል! ውጣና መኖርህን አሳያቸው!”

“ዝም በይ እስቲ” አለኝ። “ትንሽ ልስማ።”

በጣም ተናደድኩ። ከዚያ አጠገቡ ቆሜ እኔም መስማት ጀመርኩ፤ አለቀስኩም፣ ምን ያስዋሸኛል።

በመጨረሻ አረፋውን ሳይጠርግ ብቅ ሲል ግማሹ በስመ አብ አለ፣ ግማሹ ወደ መንገድ ፈረጠጠ። ዓሣ ሻጯ እንባዋን ጠርጋ “መምህር፣ በከንቱ አስለቀሱኝ!” ብላ አኮረፈችው። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ “አሁን ይሄ እንደ ለቅሶ ይቆጠራል?” ብሎ ጠየቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ለንግግሩ የተገኙት ጡሩምባ ነፊውና መርዶውን ዘግይቶ የሰማ አንድ ለቀስተኛ ብቻ ነበሩ።

ከምርጫው ማግስት ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈና አብረን ሄድን። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠርጎ አነበበ። ያገኘው ድምፅ ያን ጠዋት ካለቀሰለት ሰው ያንሳል። ምርጫ የቀረ ሰው ደግሞ አይቀጣም።

“ሞቼ ቢሆን ኖሮ አሸንፍ ነበር” አለ። አልሳቀም። ስንመለስ እርምጃው ከብዶት ነበር። ያቺ የበረንዳ ወንበር ታየችኝ።

ደጃችን ስንደርስ ቆመ። “ያቺ ዓሣ ሻጭ ምን ነበር ያለችው? እስቲ ድገሚልኝ።”

“እዚህ መንገድ ላይ?”

“እዚሁ።”

ሙሾ አልችልበትም። ቢሆንም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ነርስ ስለሆነው ልጅ አንድም ሳላስቀር አወረድኩለት። የራሴንም ጨመርኩበት፦ “ስትላጭ የምታምርብኝ! ነገም ተነስተህ ተላጭልኝ!”

አንድ መንገደኛ ቆቡን አውልቆ ተጠጋን። “ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?”

“እኔ ነበርኩ” አለው ባሌ፣ አገጩን እየዳበሰ።