የሞቱትን የቆጠርኩበት ዓመት

ባለቤቴ የሞተችው በየካቲት ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ እንደነበረ፣ ሲገኝም ቀዶ ሕክምና የሚሞከርበት ጊዜ ማለፉን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነገረኝ። ሰማሁት። ግን አልበቃኝም። አርባ ሁለት ዓመት የኖረች፣ ታምሜያለሁ ብላ አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ የማታውቅ ሴት ከለውዝ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ ነገር ሞተች ብሎ መቀበል አቃተኝ። እንዲህ ያለ ሐዘን እንዲያ ካለ ትንሽ ነገር ሊመጣ አይችልም፣ ከኋላው አንድ ትልቅ ነገር፣ አንድ ያደረገው ሰው መኖር አለበት እያልኩ ሳሰላስል እውል ነበር።

የምንኖረው ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን በማያሳልፍ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት የአንድ አዛውንት ነጋዴ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። ምድር ቤቱን ለፀጉር ቤትና ለመድኃኒት መደብር አከራይተው፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ላይኛው ፎቅ ይኖሩ ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው መስከረም፣ ጣሪያቸው ላይ የስልክ አንቴና ተተከለ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት ስመለከት ዓይኔ አንቴናው ላይ አረፈ። በመስከረም ተተከለ፣ በኅዳር ወደቀች፣ በየካቲት ሞተች። ሦስቱ ወራት ራሳቸው ተያይዘው ቆሙልኝ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ። ያ ቅለት ነው በኋላ ሁሉ የመራኝ። የቀለለኝ ነገር እውነት ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ፣ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አልጠየቅኩም።

እኔ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነበርኩ። ማን ሞተ፣ መቼ ሞተ፣ ቤቱ የት ነው የሚለውን በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የማሰፍረው እኔ ነኝ። የዚያኑ ቀን የእድሩን መዝገብ አወጣሁና ከመስከረም ወዲህ የሞቱትን ቆጠርኩ። በመንገዳችን ላይ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ወረቀት ላይ ሰፈሩን በእርሳስ ሳልኩና የሟቾቹን ቤት በቀይ አከበብኩ። ቀዩ ሁሉ በሕንፃው ዙሪያ ተሰብስቦ ታየኝ። ከሕንፃው ራቅ ብሎ በሌላ መንገድ ላይ የሞቱትን ሁለት ሰዎች አልጨመርኳቸውም፤ የእነሱ ሌላ ነው አልኩ። ከአምስቱ አንዱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውን ጨመርኳቸው፤ ቤታቸው ቅርብ ነው።

መጀመሪያ ያወራሁት ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ጎረቤት ነው። ካርታውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀብሎኝ ለጎኑ ሰው አሳየው። በሳምንቱ ሌሎች እየመጡ አሳየን ይሉኝ ጀመር። አንዱ ዶሮዎቹ መጣል ማቆማቸውን ነገረኝ። አንዲት ሴት እንቅልፍ ከራቃት ወራት ማስቆጠሯን ነገረችኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ስልኬ ላይ ስለ አንቴና ጉዳት የሚናገሩ ቪዲዮዎች አየሁ፤ አንዱን አይቼ ስጨርስ ስልኩ ራሱ ሌላ ያቀርብልኛል፤ የምሰማው ሁሉ እኔ ቀድሜ ያልኩት ሆነ። ከሰፈሩ ፊርማ አሰባስቤ ለወረዳው ማመልከቻ አስገባሁ። የተጻፈው በእኔ እጅ ነው፤ ጥሩ ማመልከቻ ነበር።

ባለሙያዎች መሣሪያ ይዘው መጡ። በሕንፃው ዙሪያ፣ በየደጃፋችን፣ የእኔ መኝታ ቤት ውስጥ ሳይቀር ለኩ። ከተፈቀደው በላይ ምንም እንዳልተገኘ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ለእድሩ ሰዎች አነበብኩላቸውና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አገኘን ቢሉ ማስረጃዬ ይሆን ነበር። አላገኘንም ሲሉ ደግሞ የሚደብቁት ነገር መኖሩ ማስረጃዬ ሆነ። አንድ ሰው፣ የሚገድል ከሆነ ሀጂና ባለቤታቸው ሥሩ እየኖሩ እንዴት ደኅና ሆኑ ብሎ ጠየቀኝ። ጨረሩ የሚሄደው ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች እንዳልሆነ፣ እሳቸውም ይህን አውቀው ላይኛው ፎቅ እንደሚኖሩ ነገርኩት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። አፌ ላይ መጣ፤ ስናገረው ግን የማውቀው ነገር መሰለኝ።

ሀጂ አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ልግባ ብለው አልጠየቁም፤ እኔም ይግቡ አላልኩም።

«ልጄ፣ በእኔ ላይ የምትለው ነገር አለ ይላሉ። ለእኔው ንገረኝ» አሉኝ።

«እርስዎ ያውቁታል» አልኳቸው።

መሬት መሬቱን አዩና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። መድኃኒት መደብሩ ለቀቀ፤ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ አጣ። የሰፈሩ ሰው በሕንፃው በኩል ማለፍ ትቶ በወዲያኛው ጠርዝ መሄድ ጀመረ። የሀጂን ባለቤት የሚጠይቅ ጎረቤት ቀረ። አንድ እሑድ ሁለት መስኮቶቻቸው በድንጋይ ተሰበሩ። የወረወረውን አላውቅም፤ አላጣራሁምም።

ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ልጄ ነን። እናቷ የሞተች ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ስለ አንቴናው ሳወራ ዝም ትል ነበር፤ የተስማማች መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት እራት ላይ ለበላይ መሥሪያ ቤት ስለማስገባው ይግባኝ ስነግራት፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እማዬ ራሴን ማለት የጀመረችው እኔ ለማትሪክ ሳጠና ነው። ሰኔ ነበር። አንቴናው አልነበረም።»

«ያ የድካም ነው» አልኳት።

«ያኔም እንደዚሁ ነው ያልካት» አለችኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ተሳስታለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ልጅ ናት፣ ሐዘን ወር አደበላልቆባታል አልኩ። ግን የሰኔው ነገር አልለቀቀኝም። ባለቤቴ ግንባሯን በሻሽ አስራ ልብስ ስታጥብ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «ትንሽ ተኚበት፣ ያልፋል» ስላት ይታየኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ለወራት ይህ ትዝታ አንድ ቀን መጥቶብኝ አያውቅም ነበር።

ለይግባኙ አንቴናው ከመተከሉ በፊት ስንት ሰው ይሞት እንደነበር ማሳየት ያስፈልግ ነበር። አንድ ቅዳሜ እድሩ ቤት ገብቼ የቀድሞውን መዝገብ አወረድኩ። ጥቂት እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጀምሬ በመንገዳችን ላይ የሞቱትን ቆጠርኩ፤ ስድስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ስድስት። ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት አየሁ፤ አምስት። ስማቸውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ለሁሉም ቀብር ወጥቻለሁ። ግን አንቴና ስላልነበረ ማንም አልቆጠራቸውም።

ያን ቀን ነገሩ በቃኝ ብል ደስ ባለኝ። አላልኩም። የቀድሞዎቹ በዕድሜ የሞቱ ናቸው አልኩና መዝገቡን ወደ መደርደሪያው መልሼ፣ ላዩ ላይ ሌላ መዝገብ ደረብኩበት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወረቀት የደበቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ወር የሀጂ ባለቤት ታመው ሐኪም ቤት መግባታቸውን ሰማሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ስሰማ ደስ አለኝ። ይኸው፣ እነሱንም አገኛቸው፣ አሁን ማን ይከራከረኛል አልኩ። ልጄ በልጅነቷ ስትታመም ሾርባ ሠርተው በሰሐን ከድነው የሚልኩ ሴት ነበሩ። ጢሜን እየተላጨሁ ይህን ሳስብ መስተዋት ውስጥ ፊቴን አየሁት፤ ፈገግ ብያለሁ። ምላጩን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። የአንዲት ሴት መታመም የሚያስደስተው እምነት ምን ዓይነት እምነት ነው ብዬ ራሴን የጠየቅኩት ያኔ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ። ለዓመታት የቆየ የኩላሊት ሕመም እንደነበረባቸው ያኔ ነው ያወቅኩት። እንደ ደንቡ በዚያው ቀን ተቀበሩ። ድንኳኑን ሕንፃው በር ላይ ልንተክል ስንል የእድሩ ሰዎች አንቴናውን ፈርተው እምቢ አሉ። ከመንገዱ ጫፍ፣ ከሕንፃው መቶ እርምጃ ርቆ ተተከለ። ሀጂና ዘመዶቻቸው ቤታቸው ተቀምጠው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሐዘንተኛ በሌለበት ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሞት ደጃፍ ላይ ተቃቅፎ ነው የሚለቀሰው። እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ከሰው መሐል ተነሥቼ ብቻዬን መንገዱን ተሻገርኩና ደረጃውን ወጣሁ።

ሀጂ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። አጽናኝ ቃል የሚባለውን ብዬ ስጨርስ፣ ወሬውን ያስጀመርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

የሞቱትን ስቆጥር የሚመቸኝን ብቻ እንደቆጠርኩ፣ የቀድሞውንም መዝገብ አይቼ እንደደበቅኩ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በዚያ ሰኔ ባለቤቴን ደረጃቸው ላይ ራሷን ይዛ ተቀምጣ እንዳገኟት ነገሩኝ። ምነው ሲሏት፣ ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ ያልፋል ብሎኛል አለቻቸው። ባሏ ካወቀ እኔ ምን አገባኝ ብለው ዝም አሉ።

«አንተ ስትከሰኝ፣ እኔ ይህንን ነበር የማስበው» አሉኝ። «ያኔ መጥቼ ውሰዳት ብልህ ኖሮ እል ነበር።»

ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ተቆጥቼ ነው የቆየሁት። ይቅር በሉኝ አልኳቸው።

«በእኔ በኩል ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ግን ስንት ወር ሙሉ ጎረቤት ሳይጠይቃት ነው የሞተችው። የእሷን ይቅርታ ከየት አመጣልሃለሁ?»



በወሩ መጨረሻ የእድሩ ስብሰባ ላይ ሁለቱንም መዝገቦች ይዤ ቆምኩ። የሦስቱን ዓመት ሟቾች በስማቸው አነበብኩ። ተሳስቻለሁ፣ አሳስቻችኋለሁ አልኩ።  መጀመሪያ ካርታውን ያሳየሁት ጎረቤት ተነሣና፣ መዝገቡን የሚጽፈው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የቀድሞውን ቁጥር መቼ እንዳስተካከልኩት ማን ያውቃል አለ። ከኋላ ሌላው ሰው፣ ጸሐፊያችን ሀጂ ቤት ከገባ በኋላ ነው የተለወጠው አለ። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ሲናገር የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። እንዴት እንደሚያስቡ አውቅ ነበር፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያው ስብሰባ ሌላ ጸሐፊ ተመረጠ።

ሀጂ ሕንፃውን ሸጠው ዘነበወርቅ በኩል ወደሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። በዓል ሲሆን ከልጄ ጋር እንጠይቃቸዋለን፤ ስለዚያ ዓመት አንሥተው አያውቁም። ልጄና እኔ ተመልሰን እናወራለን፤ ስለ ሰኔም ጭምር። በጊዜ ብወስዳት ትድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅኩት። ምናልባት፣ ምናልባትም አትድንም አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እንደሌለው ነገረኝ። ከዚሁ ጋር እየኖርኩ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ያኔ እንቅልፍ አጣሁ ብላ የነገረችኝ ሴት ናት። ማዞር ጀምሯታል፤ ከአንቴናው ነው አለች፣ አንተ ታውቃለህና ምን ይሻለኛል። ስለ አንቴናው አልመለስኩላትም። ጃንጥላዬን ይዤ ታክሲ አሳፈርኳትና ከሐኪም ቤት አደረስኳት፤ ወረፋውን አብሬያት ጠበቅኩ። ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒን ታዘዘላትና በወሩ ማዞሩ ተዋት።

አሁን ለሰው ስትናገር የዳነችው አልጋዋን ከአንቴናው ትይዩ ካለው ክፍል ወደ ጓዳ በኩል ስላዞረችው ነው ትላለች። አልተከራከርኳትም። መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ግን ኪኒኑን ዛሬ ውጣ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። ውጫለሁ ትለኛለች።